የጣሊያን ስፖርት መኪና በእሽቅድምድም ጌም ውስጥ፦ ኋላው ሳያመልጣችሁ እንዴት ትነዱታላችሁ?

ደጋግሞ የሚመጣው ጥያቄ ይህ ነው፦ «ሌላውን መኪና ደህና አድርጌ እነዳለሁ፤ ፌራሪ ወይም ላምቦርጊኒ ስይዝ ግን ኩርባ መሃል ዞሮ ይቆማል። ምን ላድርግ?» ብዙዎች መልሱን የሚፈልጉት መሪው ላይ ነው። ችግሩ ግን አብዛኛውን ጊዜ ያለው እግር ላይ፣ በጆይስቲክ ለሚጫወት ደግሞ ነዳጅና ፍሬን በሚጫኑት ጣቶች ላይ ነው።

ምክንያቱ የሞተሩ ቦታ ነው። በአብዛኞቹ የጣሊያን ሱፐርካሮች ሞተሩ የተቀመጠው ከሹፌሩ ጀርባ፣ ከኋላ ጎማዎቹ ፊት ነው፤ «ሞተሩ መሃል ያለ መኪና» የሚባለው ይህ ነው። ፌራሪ 458 ኢታሊያን ብንወስድ ከክብደቱ 42 በመቶ ያህሉ በፊት ጎማዎች፣ 58 በመቶ ያህሉ በኋላ ጎማዎች ላይ ያርፋል። ከባድ ሸክም አዝሎ የሚሮጥ ሰው ድንገት ሲታጠፍ ሸክሙ ይዞት እንደሚዞር ሁሉ፣ ይህም መኪና በደንብ ካልተያዘ ኋላው ፊቱን ይቀድማል። በደንብ ከተያዘ ግን ክብደቱ መሃል ላይ ስለተሰበሰበ ከሌሎች ፈጥኖ ይታጠፋል።

መመሪያው ለግራን ቱሪስሞ 7፣ ለፎርዛ ሞተርስፖርት፣ ለፎርዛ ሆራይዘን 5፣ ለአሴቶ ኮርሳ እና ለአሴቶ ኮርሳ ኮምፔቲዚዮኔ ያገለግላል። የሴቲንጎቹ ስም ከጌም ጌም ይለያያል፤ የክብደቱ ሕግ ግን በሁሉም ውስጥ አንድ ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ጆይስቲክ (ነዳጅና ፍሬኑ በኋላ በኩል ባሉት ተጫኝ ቁልፎች፣ ማለትም በትሪገሮቹ የሚሠራ)፣ ወይም መሪ ከነፔዳሉ። በኪቦርድ እነዚህን መኪናዎች መልመድ በጣም ይከብዳል፤ ኪቦርድ ነዳጅን በከፊል መስጠት አያውቅም።
- «ጌም ሞድ» (ምስሉ ሳይዘገይ እንዲታይ የሚያደርግ ሴቲንግ) ያለው ቴሌቪዥን ወይም የኮምፒውተር ስክሪን።
- የቁመት መለኪያ ሜትር፤ ከዓይናችሁ እስከ ስክሪኑ ያለውን ርቀት ለመለካት።
- መሪ ካላችሁ፣ የማይንሸራተት ወንበር። እግሩ ላይ ጎማ ያለው ወንበር ፍሬን በኃይል ስትረግጡ ወደ ኋላ ይሄድባችኋል፤ ጎማዎቹን በሆነ ነገር አግዱ ወይም አውልቁ።
- መለማመጃ ትራክ። ሞንዛ ይመከራል፦ 5.793 ኪሎ ሜትር ነው፣ በሁሉም ጌሞች ባይሆን በአብዛኞቹ ይገኛል፣ ከባድ ፍሬንም ረጅም ኩርባም አለው።

ደረጃ 1፦ ስክሪኑን አስተካክሉ

ቴሌቪዥን ላይ የምትጫወቱ ከሆነ «ጌም ሞድ»ን አብሩ። በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር የሚበር መኪና በሰከንድ 55 ሜትር ያህል ይጓዛል። ስክሪኑ በ0.1 ሰከንድ ቢዘገይ መኪናው ከምታዩበት ቦታ ከ5 ሜትር በላይ አልፎ ሄዷል ማለት ነው። ሞተሩ መሃል ያለ መኪና ኋላው ሲያመልጥ በጣም ፈጥኖ ስለሆነ፣ ይህ መዘግየት መኪናውን ለማዳን የነበራችሁን ጊዜ ይበላዋል።

ቀጥሎ የእይታ ስፋቱን (የጌሙ ካሜራ በዲግሪ የሚያሳየውን ስፋት) አስተካክሉ። 27 ኢንች ስክሪን ከዓይናችሁ 60 ሴንቲ ሜትር ላይ ካለ ትክክለኛው ስፋት በአግድም 53 ዲግሪ፣ በቁመት 31 ዲግሪ ገደማ ነው። መጀመሪያ ላይ ጠባብ መስሎ ይታያል፤ ፍጥነቱም የቀነሰ ይመስላል። ነገር ግን ኩርባው ያለበት ርቀት በትክክል የሚታየው በዚህ ነው። የእይታ ስፋት መቀየር በማይቻልበት ጌም ከመኪናው ኮፈን በላይ ያለውን ካሜራ ምረጡ። ከመኪናው ጀርባ ሆኖ የሚያሳየው ካሜራ የኋላውን መንሸራተት አሳንሶ ያሳያል፤ ለዚህ ልምምድ አይሆንም።

ደረጃ 2፦ መቆጣጠሪያውን አስተካክሉ

ለጆይስቲክ፦ የመሪውን ባዶ ክልል (እንጨቱን ብትነኩትም ጌሙ የማይሰማበትን መካከለኛ ቦታ) ወደ 3 ወይም 5 በመቶ አውርዱ። ሰፊ ከሆነ መጀመሪያ ምንም አይሰማችሁም፣ ከዚያ በአንድ ጊዜ ብዙ ይታጠፋል። ነዳጁን በጣት ጫፍ ያዙት፤ በጣቱ መሃል የሚጫን ሰው ግማሽ ነዳጅ መስጠት ይቸግረዋል። ግራን ቱሪስሞ 7ን በፕሌይስቴሽን 5 የምትጫወቱ ደግሞ የፍሬን ትሪገሩ የሚሰጠውን መንቀጥቀጥ አታጥፉት፤ ኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚከላከለው ረዳት) ሥራ መጀመሩን የሚነግራችሁ እሱ ነው።

ለመሪ፦ ለመንገድ መኪናዎች 900 ዲግሪ አድርጉት። የፎርስ ፊድባክ (መሪው እጃችሁን መልሶ የሚገፋበት) ኃይሉን ከ60 እስከ 70 በመቶ ላይ ጀምሩ። ከልክ በላይ ሲጨመር መሪው ውስጥ ያለው ሞተር ጣሪያ ይነካና መሪው በኩርባ ሁሉ እኩል ይከብዳል። በዚህ ጊዜ የፊት ጎማ መያዣ (መሬቱን የሚይዝበት ኃይል) ሲያጣ መሪው ቀለል የሚልበትን ስሜት ታጡታላችሁ፤ ይህ ስሜት ደግሞ ከሁሉም በላይ ያስፈልጋችኋል።

ደረጃ 3፦ የትኛው ረዳት ይጥፋ፣ የትኛው ይቆይ?

- የመረጋጋት ረዳት፦ ይጥፋ። በመሃላችሁ ገብቶ አንዱን ጎማ በፍሬን ይይዛል፣ ነዳጁን ይቆርጣል፤ ስህተታችሁን ይሸፍናል እንጂ አያስተምራችሁም።
- መሪን በራሱ የሚያርም ረዳት፦ ይጥፋ። እናንተም እሱም ስታርሙ እርማቱ እጥፍ ይሆንና መኪናው በተቃራኒ በኩል ይዞራል።
- ኤቢኤስ፦ እንደበራ ይቆይ።
- ትራክሽን ኮንትሮል (ነዳጅ ሲሰጥ ጎማ በከንቱ እንዳይሽከረከር የሚከላከለው ረዳት)፦ በግራን ቱሪስሞ 7 ከ1 ወይም ከ2 ጀምሩ። የጂቲ3 መኪና (ከመንገድ መኪና ተነስቶ ለውድድር የተሠራ) ላይ ከሆናችሁ ጨርሶ አታጥፉት፤ እውነተኞቹ የጂቲ3 መኪናዎችም ኤቢኤስና ትራክሽን ኮንትሮል ይዘው ነው የሚወዳደሩት፤ መኪናዎቹ የተስተካከሉትም በዚያ ታስቦ ነው።
- ማርሽ፦ ማኑዋል ይሁን። አውቶማቲኩ ኩርባ መሃል ማርሽ ሲቀንስ ሞተሩ የኋላ ጎማዎቹን ይጎትታል፤ ባልጠበቃችሁት ሰዓት ኋላው ይወጣል። ብዙ ሰው «ያለምክንያት ዞረብኝ» የሚለው እዚህ ላይ ነው።

ደረጃ 4፦ የመጀመሪያውን መኪና በጥንቃቄ ምረጡ

በፓጋኒ ሁዋይራ ወይም በፌራሪ ኤፍ40 አትጀምሩ። ጥሩው መነሻ አልፋ ሮሜዮ 4ሲ ነው፦ ሞተሩ መሃል ነው፣ ኃይሉ 240 የፈረስ ጉልበት ብቻ ነው፣ ክብደቱም ቀላል ነው። ባሕርዩ ከትልልቆቹ ጋር ይመሳሰላል፣ ቅጣቱ ግን ቀለል ይላል።

ቀጥሎ ወደ ፌራሪ 458 ኢታሊያ እለፉ። 4.5 ሊትር ቪ8 ሞተሩ ቱርቦ (አየር በኃይል ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) የለውም፤ 570 የፈረስ ጉልበቱን የሚሰጠው 9,000 አርፒኤም (የሞተሩ ዙር በደቂቃ) ላይ ነው። ጉልበቱ ቀስ በቀስ ስለሚመጣ የረገጣችሁትን ያህል ታገኛላችሁ። እሱን የተካው 488 ጂቲቢ ሁለት ቱርቦ ስላለው ከ3,000 አርፒኤም ጀምሮ 760 ኒውተን ሜትር ጉልበት ያመጣል፤ ገና በዝግታ እያላችሁ የኋላ ጎማውን ሊያሽከረክር ይችላል። ስለዚህ 488 ከ458 በኋላ ይሁን።

ላምቦርጊኒ ስትመርጡ ስሙን አንብቡ። «ሁራካን ኤልፒ 610-4» ማለት 610 የፈረስ ጉልበት ያለውና በ4ቱም ጎማ የሚነዳ ነው። «ኤልፒ 580-2» ደግሞ 580 የፈረስ ጉልበት፣ በኋላ 2 ጎማ ብቻ። በአራት ጎማ የሚነዳው ከኩርባ ሲወጣ ስህተትን ይቅር ይላል፤ ኩርባ ሲገባ ግን ሁለቱም ይመሳሰላሉ፤ ሞተሩ ያው ከሹፌሩ ጀርባ ነው።

ደረጃ 5፦ ጎማውን አሙቁ

የመጀመሪያውን አንድ ወይም ሁለት ዙር በ80 በመቶ ፍጥነት ንዱ። ቀዝቃዛ ጎማ መያዣው ያነሰ ነው። በኋላ ጎማ በሚነዳ መኪና ላይ ደግሞ የኋላዎቹ በነዳጅ፣ የፊቶቹ በመታጠፍና በፍሬን ስለሚሞቁ ሁሉም በአንድ ጊዜ አይደርሱም። በአሴቶ ኮርሳ ኮምፔቲዚዮኔ የጂቲ3 ጎማ ከሞቀ በኋላ ግፊቱ በደረቅ መንገድ ከ26 እስከ 27 ፒኤስአይ መሆን አለበት፤ በዝናብ ጎማ ደግሞ 30 አካባቢ። የሚለካው ከሁለት ሦስት ዙር በኋላ እንጂ ከጋራዥ ስትወጡ አይደለም።

ደረጃ 6፦ ፍሬኑን በቀጥታ መስመር ላይ ጀምሩ

ሞንዛ ላይ ከዋናው ቀጥታ መንገድ መጨረሻ፣ የመጀመሪያው የቀኝ-ግራ ጠባብ መታጠፊያ ጋር ተለማመዱ።

ሀ. በመጀመሪያው ሙከራ ከ200 ሜትር ምልክት ላይ ፍሬን ያዙ። መሪው ፍጹም ቀጥ ይበል።
ለ. መጀመሪያ ላይ አጥብቃችሁ ያዙ፣ ከ80 እስከ 100 በመቶ። በከፍተኛ ፍጥነት አየሩ መኪናውን ወደ መሬት ስለሚጫነው ጎማው ብዙ ፍሬን ይችላል።
ሐ. ፍጥነቱ ሲወርድ ፍሬኑንም ቀስ በቀስ ልቀቁ። አየሩ መጫኑን ሲያቆም ያው የመጀመሪያው ፍሬን ጎማ ያስቆልፋል።
መ. ማርሽ የሚቀነሰው ፍሬን ከተያዘ በኋላ፣ አንድ በአንድ ነው። ሦስት ማርሽ በተከታታይ ብትጥሉ ሞተሩ ብቻውን የኋላ ጎማዎቹን ይይዛቸዋል፤ እጃችሁ መሪ ሳይነካ መኪናው ጎን ለጎን ይሄዳል።

መኪናው ሦስት ጊዜ በተከታታይ ሳይንሸራተት ካቆመ ብቻ የፍሬን ቦታችሁን 5 ሜትር ያህል ወደ ኩርባው አስጠጉ። ከዚያ በላይ በአንድ ጊዜ አትቀይሩ።

ደረጃ 7፦ ፍሬኑን እየለቀቃችሁ ታጠፉ

የዚህ መኪና ፊት ቀላል ነው። ፍሬኑን ጨርሳችሁ ለቅቃችሁ ከታጠፋችሁ ፊቱ የሚጫነው ስለሌለ መኪናው ወደ ውጭ ይገፋል። ፍሬኑን አጥብቃችሁ እንደያዛችሁ ከታጠፋችሁ ደግሞ ክብደቱ ሁሉ ወደ ፊት ስለሚሄድ ኋላው ይቀልላል፣ ይወጣል። ትክክለኛው በሁለቱ መካከል ነው፦ መታጠፍ ስትጀምሩ 20 ወይም 30 በመቶ ፍሬን ይኑር፤ መሪው እየጨመረ ሲሄድ ፍሬኑ ይቀንስ፤ የኩርባው ውስጠኛ ጫፍ ጋ ስትደርሱ ዜሮ ይሁን።

ለዚህ ሞንዛ ላይ ሁለተኛው ሌዝሞ የሚባለው ኩርባ ጥሩ ነው፤ ወደ ቀኝ ይታጠፋል፣ ፍሬኑ አጭር ነው። የፍሬኑንና የነዳጁን መስመር ስክሪን ላይ የሚያሳይ ጌም ከሆነ አብሩት። የፍሬኑ መስመር እንደ ገደል በአንድ ጊዜ ከወረደ ደግማችሁ ሥሩ፤ ረጋ ብሎ የሚወርድ ቁልቁለት መሆን አለበት።

ደረጃ 8፦ ኩርባ መሃል ነዳጅ በድንገት አትልቀቁ

ከሁሉም ደረጃ ይህን አስበልጣችሁ ያዙ፤ አብዛኛው መሽከርከር የሚመጣው ከዚህ ነው። ሹፌሩ በፍጥነት ኩርባ ገብቶ መኪናው ወደ ውጭ ሲሄድበት ይደነግጥና ነዳጁን ሙሉ ለሙሉ ይለቃል። በዚያች ቅጽበት ሁለት ነገር አብሮ ይሆናል፦ ክብደቱ ወደ ፊት ሮጦ የኋላ ጎማዎቹ መያዣ ያጣሉ፤ ሞተሩ ደግሞ በራሱ ፍሬን ሆኖ እነዚያኑ ጎማዎች ወደ ኋላ ይጎትታል። የፊቱ ጎማ ግን በድንገት መያዣ አግኝቶ ወደ ውስጥ ይነክሳል። መኪናው ይዞራል።

እንዲህ አድርጉ፦ ነዳጁ 60 በመቶ ላይ ከሆነ ወደ 40 አውርዱት እንጂ ወደ ዜሮ አትጣሉት። የፊቱ ጎማ ቀስ ብሎ ይመለሳል። መኪናው ወደ ውስጥ እንዲያዘነብል ስትፈልጉም ይህችው ትንሽ መልቀቅ ትጠቅማችኋለች፤ በእነዚህ መኪናዎች ላይ ጎበዝ ሹፌር አቅጣጫውን የሚያስተካክለው ከመሪው ይልቅ በነዳጁ ነው።

መለማመጃው ፓራቦሊካ ነው፤ የሞንዛ የመጨረሻው ረጅም የቀኝ ኩርባ። ፍጥነታችሁን ከወትሮው በ20 ኪሎ ሜትር ቀንሱና ኩርባውን ሙሉ፣ መሪውን ሳታንቀሳቅሱ፣ ነዳጁን በ10 በመቶ ብቻ እየጨመራችሁና እየቀነሳችሁ ተጓዙ። ስትጨምሩ መኪናው ወደ ውጭ ይሰፋል፣ ስትቀንሱ ወደ ውስጥ ይጠባል። ይህ በእጃችሁ ሲገባ የቀረው ቀላል ነው።

ደረጃ 9፦ መሪው ሲፈታ ነዳጁ ይጨመር

የኋላ ጎማው ያለው መያዣ የተወሰነ ነው፤ ለመታጠፍም ለመግፋትም የሚከፈለው ከዚያው ነው። መሪው ብዙ ታጥፎ ሳለ ሙሉ ነዳጅ ከሰጣችሁ ጎማው ሁለቱንም አይችልም። መሪው ግማሽ ሲፈታ ነዳጁ ግማሽ፣ መሪው ቀጥ ሲል ነዳጁ ሙሉ ይሁን። ኋላው ትንሽ ከተንቀጠቀጠ አንድ ማርሽ ከፍ አድርጋችሁ ውጡ፤ ወደ ጎማው የሚደርሰው ጉልበት ይቀንሳል፣ የሚጠፋው ጊዜም ትንሽ ነው።

ደረጃ 10፦ ኋላው ከወጣ

1. መሪውን ወዲያውኑ ኋላው ወደሚሄድበት አቅጣጫ አዙሩ።
2. ነዳጁን 20 ወይም 30 በመቶ ላይ ያዙት። ዜሮ ካደረጋችሁት ኋላው ይብሳል።
3. ፍሬን አትንኩ።
4. መኪናው መመለስ ሲጀምር መሪውን ፈጥናችሁ ወደ መሃል መልሱ። ብዙ ሰው ተራ ቁጥር 1ን ያውቃል፣ ይህን ይረሳል። ጎማው መያዣ ሲያገኝ መሪው ገና ዞሮ ከቆየ መኪናው በሌላው በኩል ይወረወራል፤ ሁለተኛው ውርወራ አብዛኛውን ጊዜ ከመጀመሪያው ይከፋል።
5. መኪናው ከ45 ዲግሪ በላይ ከዞረ ትታችሁ ፍሬንና ፍሪሲዮን ሙሉ ያዙ። ተንከባሎ ሌላ ተወዳዳሪ ላይ ከመውጣት ቆሞ መቅረቱ ይሻላል።

መኪናውን ማስተካከል መቼ?

አሥሩን ደረጃዎች ሳትጨርሱ የመኪናውን ሴቲንግ አትንኩ። ከዚያ በኋላ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ፣ አምስት ዙር ንዱ፣ ተመልከቱ።

- ፍሬን ላይ ኋላው ከተወዛወዘ፦ የፍሬን ክፍፍሉን 1 በመቶ ወደ ፊት ግፉ።
- ነዳጅ ሲለቀቅ ኋላው ከወጣ፦ የዲፈረንሻሉን (ጉልበቱን ለሁለቱ የኋላ ጎማዎች የሚያከፋፍለውን ክፍል) የመልቀቂያ መቆለፊያ በ5 ጨምሩ፤ ሁለቱ የኋላ ጎማዎች አብረው ስለሚዞሩ መኪናው ቀጥ ማለት ይወዳል።
- ኩርባ መሃል ኋላው ከቀለለ፦ የኋላውን የመጋደል መከላከያ ዘንግ አንድ ደረጃ አላሉ።
- በፈጣን ኩርባ ብቻ ከሆነ፦ የኋላ ክንፉን አንድ ደረጃ ከፍ አድርጉ። በዝግተኛ ኩርባ ክንፍ ብዙም አይረዳም፤ እዚያ የሚሠራው ዲፈረንሻሉ ነው።

ተደጋጋሚ ስህተቶች

- ጠርዝ ላይ መውጣት፦ ቀይና ነጭ የተቀባው ጠርዝ ላይ የውስጡ የኋላ ጎማ ሲወጣ ከመሬት ይነሳል። በዚያች ቅጽበት ነዳጅ ካለ ጎማው በአየር ላይ ይሽከረከራል፣ ሲያርፍ መኪናውን ይጥለዋል። ሞንዛ ውስጥ አስካሪ በሚባሉት ተከታታይ ኩርባዎች ላይ በተለይ ተጠንቀቁ።
- ሌላ ሰው ያዘጋጀውን ሴቲንግ አውርዶ መጠቀም፦ ፈጣን ሰው የሚወደው ኋላው ልል የሆነ መኪና ነው። ለጀማሪ የከፋ ይሆናል።
- ሞተሩ ፊት ያለውን ፌራሪ እንደ 458 መንዳት፦ 812 ሱፐርፋስት 6.5 ሊትር ቪ12 ሞተሩ ፊት ለፊት ነው። ነዳጅ ሲለቀቅ ይረጋጋል፤ የሚያስቸግረው 800 የፈረስ ጉልበቱ ከኩርባ መውጫ ላይ ነው።

ማስጠንቀቂያ

ጠንካራ ፎርስ ፊድባክ ያለው መሪ ግድግዳ ስትመቱ በኃይል ይዞራል፤ አውራ ጣታችሁን ከመሪው ዘንግ ውስጥ አውጥታችሁ በላዩ ላይ አሳርፉ። እዚህ የተጻፈው ለጌም ነው፤ በሕዝብ መንገድ ላይ አይሞከርም።

ኤፍ40ን በተመለከተ፦ በ1987 የወጣው ይህ መኪና ኤቢኤስም ትራክሽን ኮንትሮልም የለውም። 2.9 ሊትር ቪ8 ሞተሩ በሁለት ቱርቦ ይታገዛል፤ ከ4,000 አርፒኤም በታች ይተኛል፣ ከዚያ በኋላ ጉልበቱ በአንድ ጊዜ ይመጣል። ስለዚህ እውነተኛውን መኪና ለመምሰል በጌሙ ኤቢኤስ ካጠፋችሁ የፍሬን ኃይሉን ወደ 80 በመቶ አውርዱ። ከኩርባ ስትወጡም ነዳጁን ከወትሮው ቀደም ብላችሁ፣ ግን በጥቂቱ፣ 30 በመቶ ያህል ስጡት፤ ቱርቦው የሚነቃው መሪው ቀጥ ባለበት ሰዓት እንዲሆን።